የ12 ሜትር ድልድይ በሞንቴ ካርሎ ሲገመገም፦ ስንት ዙር ይበቃል፣ ውጤቱስ ምን ያህል ይታመናል?

ጥያቄ፦ የስትራክቸር ምሕንድስና ተመራቂ ተማሪ፣ ጅማ

ጤና ይስጥልኝ የሙያ ባልደረቦች።

በጅማ ዙሪያ በአንድ የገጠር መንገድ ላይ የሚገኝን ባለ አንድ ስፓን (በሁለት ድጋፎች መካከል የተዘረጋ) የአርማታ ድልድይ አስተማማኝነት በሞንቴ ካርሎ ሲሙሌሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር ደጋግሞ ዕጣ እያወጡ ውድቀትን በመቁጠር፣ እየገመገምሁ ነው። ድልድዩ 12 ሜትር ርዝመት፣ አራት ጊርደሮች (ተሸካሚ አግዳሚዎች) እና በላያቸው የተዘረጋ ስላብ (ወለል) አለው። በቡና ወቅት ጆንያ የጫኑ አይሱዙዎች፣ በቀረው በጋ ደግሞ አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሱ ሲኖትራኮች ያለማቋረጥ ያልፉበታል። ሲሠራ እንዲህ ያለ ጭነት ይመጣበታል ተብሎ የታሰበ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ትክክለኛው መልስ ከእኔ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበልጥ በየቀኑ ለሚሻገሩበት ሰዎች ያስፈልጋል።

ሥራውን የጀመርሁት በአንዱ የውስጥ ጊርደር መሐል ላይ ካለው ቤንዲንግ ሞመንት፣ ማለትም ጭነቱ ጊርደሩን ለማጉበጥ ከሚያሳድረው ጫና፣ ነው። የጊርደሩን አቅም በሎግኖርማል ስርጭት (ከዜሮ በታች በማይወርድና ወደ ቀኝ በሚረዝም)፣ አማካዩን 2,300 ኪሎ ኒውተን ሜትር፣ መዋዠቁን 13 በመቶ አድርጌ ወስጃለሁ። መዋዠቅ ስል ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ከአማካዩ ጋር ሲነጻጸር ያለውን መቶኛ ማለቴ ነው። ከጭነት በኩል የኮንክሪቱ የራሱ ክብደት የሚያመጣው ሞመንት አማካዩ 420፣ መዋዠቁ 10 በመቶ፤ የአስፋልቱ አማካይ 60፣ መዋዠቁ 25 በመቶ፤ የተሽከርካሪው፣ ንዝረቱ ተጨምሮበት፣ አማካዩ 840፣ መዋዠቁ 18 በመቶ ነው። ሦስቱንም ኖርማል (በአማካዩ ግራና ቀኝ እኩል የሚበተን ስርጭት) አድርጌያቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ ዙር ከአራቱ ስርጭቶች አንዳንድ ቁጥር በዕጣ ያወጣል፤ አቅሙ ከጭነቶቹ ድምር ካነሰ ያ ዙር ውድቀት ተብሎ ይቆጠራል።

የቸገረኝ የሚከተለው ነው። በ10,000 ዙር ስሞክር የውድቀቱ ቁጥር አንድ ጊዜ 2፣ ሌላ ጊዜ 8 ይሆናል። 2 ሲሆን የአስተማማኝነት ኢንዴክሱ (ከፍ ባለ ቁጥር የመውደቅ ዕድሉ ማነሱን የሚያሳየው መለኪያ) 3.54 ስለሚመጣ ድልድዩ በአሜሪካው የአሽቶ (AASHTO) የድልድይ ደንብ ከታለመው 3.5 በላይ ይሆናል፤ 8 ሲሆን ግን ወደ 3.16 ወርዶ ከታለመው በታች ይሆናል። የድልድዩ ግብዓት አንድም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዕጣው ብቻ ነው። ከዚህም በላይ፣ የጊርደሩን አቅም ከሎግኖርማል ወደ ኖርማል ስቀይረው፣ አማካዩና ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ሳይነኩ፣ ውድቀቱ ከ10,000 ውስጥ ወደ 19 ከፍ ይላል። የተሽከርካሪ ጭነቱንም ቢሆን የወሰድሁት ከውጭ ጥናቶች እንጂ በዚህ መንገድ ላይ ተመዝኖ አይደለም።

አማካሪዬ ይህን ቁጥር ለመንገዱ ባለቤት ባቀርብ ምን ያህል ልከራከርለት እንደምችል ጠይቀውኛል። ስንት ዙር ቢሠራ ነው ውጤቱ የሚረጋው? ከሁለቱ ስርጭቶችስ የትኛውን ይዤ ልቁም?


መልስ፦ የስታቲስቲክስ መምህር

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሳ። ስንት ዙር ይበቃል ከማለት ይልቅ ስንት ውድቀት ተቆጠረ ብለው ቢጠይቁ መልሱ ቀላል ይሆናል። የመውደቁ ዕድል አነስተኛ በሆነበት ሁኔታ የግምቱ አንጻራዊ ስሕተት የሚገኘው 1ን ለተቆጠሩት ውድቀቶች ስኩዌር ሩት በማካፈል ነው። 5 ውድቀት ብቻ የተቆጠረበት ግምት 45 በመቶ ያህል ይዋዥቃል፤ 100 ከተቆጠረ ስሕተቱ ወደ 10 በመቶ፣ 400 ከተቆጠረ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ 2ም 8ም መውጣታቸው ፕሮግራምዎ መበላሸቱን አያሳይም። የሰጡትን ግብዓት በእጅ ሳሰላው የመውደቁ ዕድል ከ10,000 ውስጥ 5 ገደማ፣ ኢንዴክሱም 3.3 ገደማ ነው፤ ሁለቱም ውጤቶች በዚህ ዙሪያ የሚጠበቁ ናቸው። 3.54 የሚለውን ይዞ ድልድዩ አለፈ፣ 3.16 የሚለውን ይዞ ደግሞ ወደቀ ማለት ግን ሁለቱም ከማስረጃው በላይ መናገር ነው።

10 በመቶ ስሕተት ከበቃዎ 190,000 ዙር ገደማ፣ 5 በመቶ ከፈለጉ ደግሞ 760,000 ዙር ገደማ ያስፈልግዎታል። የእርስዎ ስሌት አንድ መደመርና አንድ መቀነስ ስለሆነ በፓይተን 1 ሚሊዮን ዙር መሥራት ለተራ ላፕቶፕ እንኳ የአፍታ ሥራ ነው፤ ቆጥበው የሚያተርፉት ነገር የለም። ችግሩ የሚመጣው ነገ ጊርደሩን ትተው መላውን ድልድይ በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ በሚያሰላው በፋይናይት ኤለመንት ሞዴል ሲተኩት ነው። አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ቢፈጅ 1 ሚሊዮን ዙር ሁለት ዓመት ሊሞላ ከአንድ ወር ጥቂት የሚበልጥ ብቻ የሚቀረው ጊዜ ይወስዳል። በዚያን ጊዜ ኢምፖርታንስ ሳምፕሊንግ የሚባለው ዘዴ ግድ ይሆንብዎታል፤ ዕጣውን ከአማካዮቹ ዙሪያ ሳይሆን አቅምና ጭነት ሊገናኙ ከሚችሉበት፣ በእርስዎ ግብዓት 1,625 ኪሎ ኒውተን ሜትር አካባቢ ካለው ነጥብ ዙሪያ ያወጣሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ዙር በሁለቱ ስርጭቶች ምጣኔ ክብደት እየሰጡ ይደምራሉ። ግማሽ ያህሉ ዙር ውድቀት ስለሚሆን ጥቂት ሺሕ ዙር ይበቃል። አንድ አደጋ ግን አለው፤ ድልድዩ በሌላ መንገድም የሚወድቅ ከሆነና ዕጣው ወደ አንዱ ብቻ ከተጠጋ፣ ሁለተኛውን ሳያዩት በጣም የተረጋጋና በጣም የተሳሳተ ቁጥር ያገኛሉ።

ላቲን ሃይፐርኪዩብ (ዕጣዎቹ ስርጭቱን በሙሉ በእኩል እንዲሸፍኑ የሚያደርግ ዘዴ) ይሻላል የሚል ምክር ሊመጣልዎት ይችላል። አማካይን ለመገመት ግሩም ዘዴ ነው፤ እንዲህ ላለ እምብዛም የማይከሰት ውድቀት ግን የሚቆጥበው ጥቂት ነው። በአጠቃላይ ይህ ጥያቄ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ሳይንቲስቶቹ ኡላም፣ ፎን ኖይማንና ሜትሮፖሊስ በአሜሪካው የሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ዘዴውን ሲያዘጋጁ የያዙት ጉዳይ ኒውትሮኖች በቁስ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዙ ማወቅ ነበር፤ ሜትሮፖሊስና ኡላም ሞንቴ ካርሎ በሚል ስም ያሳተሙት ጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ወፍራም መከላከያ አልፈው የሚወጡ ኒውትሮኖች እምብዛም ስላልነበሩ፣ ዕጣን ወደ አስፈላጊው ቦታ የማዘንበል ሐሳብ ገና ከጅምሩ አብሮ አደገ።

ምንም ውድቀት ሳይቆጠር ቢቀር ደግሞ ዜሮ ብለው አይጻፉ። በ10,000 ዙር ዜሮ ከወጣ፣ በ95 በመቶ መተማመን ሊባል የሚችለው ዕድሉ ከ10,000 ውስጥ ከ3 አይበልጥም ብቻ ነው። የራንደም ቁጥሩን መነሻ ሲድ መዝግበው ያቆዩት፤ ሌላ ሰው ያንኑ ውጤት ደግሞ እንዲያገኝ ይረዳል። ሲዱን ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይወስኑ፤ ውጤት ካዩ በኋላ የሚመረጥ ሲድ ውጤትን መምረጥ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይከብዳል፤ ለእኔ ከመጀመሪያው ይልቅ ትኩረት የሚገባውም እርሱ ነው። ኖርማልና ሎግኖርማል በመሐላቸው ይመሳሰላሉ፤ የሚለያዩት በጫፋቸው ነው። የጊርደርዎ አቅም ከ1,500 በታች የመሆኑ ዕድል በኖርማሉ ከ1,000 ውስጥ 4 ገደማ ሲሆን፣ በሎግኖርማሉ ከ10,000 ውስጥ 6 ገደማ ነው፤ ልዩነቱ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። አንድ መቶ ናሙና ቢኖርዎት እንኳ ከሁለቱም የሚጠብቁት ከ1,500 በታች ምንም አለማየትን ነው። ስለዚህ በመረጃ ብቻ አንዱን ከሌላው ሊለዩ አይችሉም፤ ምክንያትን መጠቀም ይኖርብዎታል። የጊርደር አቅም የብረቱ ጥንካሬ፣ የብረቱ ስፋትና የሞመንቱ ክንድ ብዜት ነው፤ ከዜሮ በታችም አይወርድም። የብዙ ነገሮች ብዜት ወደ ሎግኖርማል ስለሚያደላ በዚያ ቢቀጥሉ ምክንያትዎ የሚያስኬድ ነው። ሁለቱንም ውጤት ግን ጎን ለጎን ይጻፉ፤ አንባቢው ከ10,000 ውስጥ በ5 እና በ19 መካከል ያለው ርቀት ከየት እንደመጣ የማወቅ መብት አለው።


መልስ፦ የድልድይ ቁጥጥር መሐንዲስ፣ ጅማ

መምህሩ በጥሩ ሁኔታ አስረድተውታል። እኔ የማክለው ከዙሩ ብዛት ይልቅ ወደ ሞዴሉ የሚገቡት ቁጥሮች ምን ያህል እንደሚያስፈሩኝ ነው፤ እርስዎ በሰጡት ግብዓት ላይ አስልቼ ላሳይዎት።

የተሽከርካሪውን ሞመንት አማካይ በ10 በመቶ ብቻ ያሳድጉት፤ ከ840 ወደ 924 ይምጣ። የመውደቁ ዕድል ከ10,000 ውስጥ ከ5 ወደ 21 ገደማ ይወጣል፤ አራት እጥፍ ማለት ነው። በ10,000 ዙር ያስጨነቀዎት መዋዠቅ ግማሽ እጥፍ እንኳ አይሞላም ነበር። አሁን ደግሞ ጭነቱን ወደ ነበረበት ይመልሱና ፌሮውን ይመልከቱ። 20 ሚሊሜትር የሆነ ፌሮ ዙሪያውን በግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ዝገት ቢበላው ወደ 19 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ስፋቱ 10 በመቶ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው፤ የሞመንት አቅሙም በዚያው መጠን ገደማ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ውድቀቱ ከ10,000 ውስጥ ወደ 43 ይደርሳል፤ ይህ ስምንት እጥፍ ነው። በካሊፐር ካልተለካ በቀር ማንም በዐይኑ የማይለየው ግማሽ ሚሊሜትር ይህን ሁሉ ያመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ድልድዩ ይውረዱ። የጊርደሩን የታችኛውን ገጽ በመዶሻ ቀስ ብለው እየመቱ ይሂዱ፤ የተላቀቀ ሽፋን ባለበት ቦታ ድምፁ ባዶ ሆኖ ይሰማል። ቡናማ የዝገት እንባ የወረደበት ስንጥቅ ካለ፣ በተለይ ከስላቡ የውኃ መውረጃ ቱቦ ሥር ባለው የዳር ጊርደር ላይ፣ በዚያ ቦታ ሽፋኑን በፈቃድ ከፍተው የፌሮውን ዲያሜትር ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ከተጠረገ በኋላ ይለኩ። በጅማ ዝናቡ ረጅም ወራት ስለሚቆይ ቱቦው አጭር የሆነበት ድልድይ ውኃውን ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ ራሱ ጊርደር ያፈሳል፤ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሽሚት ሀመር የተባለው መምቻ መሣሪያ የላይኛውን ገጽ ጥንካሬ ብቻ ይነግርዎታል፤ ቢያንስ ከኮንክሪቱ ተሰርስረው ከሚወጡ ጥቂት የኮር ናሙናዎች ጋር ካልተመሳከረ አቅምን በእርሱ አይተምኑ። ደግሞም በቤንዲንግ ጊዜ የሚወስነው በአብዛኛው ብረቱ እንጂ ኮንክሪቱ አይደለም፤ ኮንክሪቱ የሚከብደው በሺር (ጊርደሩን ለመቁረጥ በሚገፋ ኃይል) ነው። እርስዎ ስለ ሺር ምንም አልጻፉም፤ ከድጋፉ አጠገብ ያለውን የሺር ውድቀት እንደ ሁለተኛ ሁኔታ ሳይጨምሩ አይለፉ።

ወደ ጭነቱ ልመለስ። 840 የሚለው ቁጥር ምን እንደሆነ በጽሑፍዎ በግልጽ መቀመጥ አለበት። በመንገዱ ላይ የሚያልፍ የአንድ ተራ መኪና ጭነት ነው? የዓመቱ ከፍተኛ ነው? ወይስ ድልድዩ በሚያገለግልበት ዘመን ሁሉ የሚመጣው ከፍተኛ ነው? ከታለመው 3.5 ጋር ማወዳደር የሚቻለው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ አሽቶ ያንን ዒላማ ያስቀመጠው ለ75 ዓመት ነውና። ብዙ የተማሪ ሥራዎች በየቀኑ የሚያልፈውን መኪና ስርጭት እንዳለ ያስገቡና ድልድዩ እጅግ አስተማማኝ ነው ብለው ይደመድማሉ። ከአጭር ዘመን ወደ ረጅሙ መሻገር የሚቻልበት መንገድ አለ። ለምሳሌ የዓመቱ ከፍተኛ ሞመንት አማካዩ 600፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 60 ቢሆንና ለከፍተኛ መጠኖች የሚያገለግለውን የጉምበል ስርጭት ቢከተል፣ የ75 ዓመቱ ከፍተኛ አማካይ የሚገኘው 60ን በ0.78 እና በ75 ናቹራል ሎጋሪዝም አባዝቶ በ600 ላይ በመደመር ነው፤ ይህም 802 ይሆናል። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ግን እዚያው 60 ላይ ይቆያል።

የእኛን መንገድ ጭነት ከውጭ ጥናት መውሰድ ለመነሻ ይሆናል፤ ለመደምደሚያ ግን አይሆንም። የሚዛን ጣቢያ በሌለበት መንገድ ላይ እንኳ ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። የሲኖትራኩ ካሶኒ 16 ሜትር ኩብ ቢይዝ፣ ደረቅ አሸዋ በሜትር ኩብ 1.6 ቶን ገደማ ስለሚመዝን ጭነቱ 26 ቶን አካባቢ ይሆናል፤ ከወንዝ ወጥቶ ወዲያው የተጫነው ውኃ የጠጣ አሸዋ ግን በሜትር ኩብ እስከ 2 ቶን ስለሚደርስ ጭነቱ 32 ቶን ይሞላል። በአንድ ዓይነት ካሶኒ፣ በአንድ ዓይነት አሸዋ መካከል 6 ቶን ልዩነት አለ፤ ከጠርዙ በላይ የሚቆለለው ደግሞ ገና አልተቆጠረም። የመኪናው የራሱ ክብደትም ይጨመርበታል። አሸዋ ከሚወጣበት ቦታ ሆነው ካሶኒዎቹን በሜትር ቢለኩ፣ አሸዋውን በባልዲ ቢመዝኑና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለሱ ቢመዘግቡ ከየትኛውም የውጭ ሰንጠረዥ የተሻለ መነሻ ያገኛሉ። ሁለት የተጫኑ መኪኖች ድልድዩ ላይ የሚገናኙበትንም ድግግሞሽ ልብ ይበሉ፤ መንገዱ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ይህ ሁኔታ ይቀርልዎታል።

አንድ ነገር ልጨምር። አራቱን ጊርደሮች እንደ ሥርዓት ለማስላት ሲነሱ አቅማቸውን አራት ለየብቻ የሚወጡ ዕጣዎች አያድርጉት። ፌሮው ከአንድ መኪና የወረደ፣ ኮንክሪቱም በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ቡድን የተሞላ ነው፤ አንዱ ደካማ ከሆነ ሌሎቹም ደካማ የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው። ለየብቻ ካደረጓቸው ደካማውን ጎረቤቱ ሁልጊዜ የሚደግፈው ይመስልና ድልድዩ ከእውነቱ በላይ ጠንካራ ሆኖ ይታያል። ለአራቱም የጋራ የሆነ አንድ ዕጣ ያውጡ፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ የራሱን ትንሽ ልዩነት ይጨምሩበት።


ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። 840 የሚለው የ75 ዓመቱ ከፍተኛ ተብሎ የተወሰደ ነው፤ በጽሑፌ ውስጥ በግልጽ አስቀምጠዋለሁ። የሺር ስሌቱንም እጨምራለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። በድልድዩ ግራ በኩል ያለው አባትመንት (የድልድዩ ጫፍ የሚያርፍበት ድጋፍ) ሥር ወንዙ አፈሩን በልቶታል፤ የመሠረቱ ጠርዝ በበጋ ወራት ይታያል። የአካባቢው ሰዎች በክረምት ውኃው ግንድና ቅርንጫፍ ይዞ ሲመጣ ስፓኑ ሥር ይወተፋል ይላሉ። ይህ ከሲሙሌሽኑ ጋር እንዴት ይገናኛል? ወይስ ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው?


መልስ፦ የሃይድሮሊክስ ባለሙያ

ለብቻው የሚታይ አይደለም፤ እንዲያውም ከዚህ በፊት የተነጋገራችሁበትን ሁሉ ሊቀድም የሚገባው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ድልድዮች ሲወድቁ ብዙውን ጊዜ ጊርደራቸው አይደለም የሚሰበረው፤ በአሜሪካ በተደረጉት የውድቀት ቆጠራዎች ቀዳሚውን ቦታ የሚይዙት ጎርፍና የመሠረት መሸርሸር ናቸው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1987 በኒው ዮርክ ግዛት የሾሃሪ ክሪክ ድልድይ ወድቆ 10 ሰዎች የሞቱት የምሰሶው መሠረት ሥር ያለው አፈር በጎርፍ ተጠርጎ ነው። በዚያ ድልድይ ላይ የቤንዲንግ ሲሙሌሽን በ1 ሚሊዮን ዙር ቢሠራ ኖሮ ስለዚያ ዕለት አንዳች ነገር አይናገርም ነበር።

ቁጥሮቹን በአንድ ሚዛን ያስቀምጧቸው። በየዓመቱ የመከሰት ዕድሉ ከ100 ውስጥ 1 የሆነው፣ የ100 ዓመት ጎርፍ የምንለው፣ በ75 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረሱ ዕድል 53 በመቶ ነው። ጊርደርዎ በዚያው ዘመን የመውደቁ ዕድል ከ10,000 ውስጥ 5 ገደማ እንደሆነ ከላይ ተሰልቷል። መሠረቱ የተቀመጠው የ100 ዓመት ጎርፍ ከሚቆፍረው ጥልቀት ትንሽ ከፍ ብሎ ከሆነ፣ የጊርደሩ ቁጥር 5 ይሁን 19 በድልድዩ ዕጣ ፈንታ ላይ ለውጥ የለውም።

አሠራሩ ከጀመሩት ጋር አንድ ነው። አቅም በሚለው ቦታ መሠረቱ ከወንዙ ወለል በታች ያለውን ጥልቀት፣ ጭነት በሚለው ቦታ ደግሞ ጎርፉ የሚቆፍረውን ጥልቀት ያድርጉ። የዓመቱን ከፍተኛ የውኃ መጠን በዕጣ ያውጡ፤ ከእርሱ ፍጥነቱንና ከፍታውን፣ ከዚያም የመሸርሸሩን ጥልቀት ያስሉ። የመሸርሸር ቀመሮች ራሳቸው በጣም ስለሚዋዥቁ ውጤቱን በአንድ ተጨማሪ ዕጣ፣ ማለትም በቀመሩ የስሕተት መጠን፣ ያባዙት፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ግንዱም ይግባበት፤ ስፓኑ በከፊል ሲወተፍ ውኃው በቀረው ክፍተት እየተፋጠነ ስለሚያልፍ ቁፋሮው ይጠልቃል። በየዓመቱ ግንድ የመምጣት ዕድሉን ከአካባቢው ሰዎች ትዝታ መገመት ያልተጣራ ቢመስልም፣ ዜሮ ነው ብሎ ከመተው የተሻለ ነው።

ከጊርደሩ ውድቀት ጋር ሲያገናኙት አንዱ ከወደቀ ድልድዩ ወደቀ ብለው ይቁጠሩ። የጎርፉና የከባድ መኪናው ዕጣዎች እርስ በርስ የማይነካኩ ከሆነ ትናንሽ ዕድሎቹ ይደመራሉ ማለት ይቻላል። በአዌቱም ሆነ በግልገል ጊቤ ገባር ወንዞች ላይ ያሉ ትናንሽ ድልድዮች በአብዛኛው የወንዝ መለኪያ ጣቢያ አጠገባቸው የላቸውም፤ ስለዚህ የውኃውን መጠን ከዝናብ መዝገብና ከተፋሰሱ ስፋት መገመት ግድ ነው። የበጋውን የወለል ጥልቀት ግን በጎርፉ ጊዜ እንደነበረ አድርገው አይውሰዱ፤ ጎርፉ ሲቀንስ የተቆፈረው ጉድጓድ በደለል ስለሚሞላ በበጋ የሚለካው ከእውነተኛው ጥልቀት ያንሳል። በዘንግ ወግተው የላላውን ደለል ከጠንካራው ወለል ይለዩ።


መልስ፦ የስታቲስቲክስ መምህር

የሃይድሮሊክስ ባለሙያው ያነሱት ነጥብ እኔ ከላይ ሁለተኛውን የመውደቂያ መንገድ ሳያዩ ስለመቅረት የተናገርሁትን በተግባር ያሳያል። ስለ ሪፖርቱ አቀራረብ ጥቂት ልጨምር።

ኢንዴክሱን ከዒላማ ጋር ሲያወዳድሩ ዘመኑ አንድ ይሁን። የአውሮፓው ደንብ ለተለመዱ ግንባታዎች 3.8 የሚለው ለ50 ዓመት ሲሆን፣ ያው ዒላማ ለ1 ዓመት ሲገለጽ 4.7 ነው። የኢትዮጵያ የድልድይ ዲዛይን ማኑዋል አሽቶን ስለሚከተል እርስዎ በ3.5 እና በ75 ዓመት መቆየትዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አሽቶ ራሱ ነባር ድልድዮችን ሲገመግም በዝቅተኛው ደረጃ ወደ 2.5 የተጠጋ ኢንዴክስ ይቀበላል። አዲስ ለሚሠራ ድልድይ የወጣን ዒላማ ለነባሩ ማስፈጸሚያ አድርጎ ድልድዩ ይዘጋ ማለት፣ በተለይ ሌላ መሻገሪያ በሌለበት ቦታ፣ በሰዎች ላይ ሌላ አደጋ መጫን ይሆናል።

ሲሙሌሽኑ የሰው ስሕተትን እንደማያውቅም በጽሑፍዎ ይግለጹ። በሚኒያፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2007 ወድቆ 13 ሰዎች የሞቱበት ድልድይ የብረት ማያያዣ ሳህኖቹ ከመነሻው ቀጥነው ዲዛይን የተደረጉ ነበሩ። በዲዛይኑ የተጻፈውን አማካይ አድርጎ ዙሪያውን በ10 በመቶ ማወዛወዝ እንዲህ ያለውን ነገር አይደርስበትም፤ የሚደርስበት ፌሮውን በስካነር ቆጥሮ ከፕላኑ ጋር ማመሳከር ነው።

በመጨረሻ፣ ድልድዩ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ይህም መረጃ ነው። ከእርጥብ አሸዋው ስሌት ተነስተው ጊርደሩ በእርግጥ የተሸከመውን ከፍተኛ ሞመንት መገመት ከቻሉ፣ አቅሙ ከዚያ ያነሰበትን እያንዳንዱን ዙር ከቆጠራው ያስወጡ፤ የሚቀሩት ዙሮች ከታዘቡት ጋር የማይጋጩት ብቻ ይሆናሉ። የአቅሙ የታችኛው ጫፍ በዚህ ስለሚቆረጥ፣ ኖርማል ወይስ ሎግኖርማል የሚለው ክርክርም በከፊል ይረግባል። ይህ የሚሠራው ግን ያን ጭነት ከተሸከመ በኋላ ጊርደሩ ካልተጎዳ ነው። ስለዚህ የተሸከመበትን ዓመት ይመዝግቡና ከዚያ ወዲህ የደረሰውን የፌሮ መሳሳት ከተቆረጠው ስርጭት ላይ ይቀንሱ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ድልድዩ ዛሬ የሌለውን አቅም ይሰጡታል።